«ደህና ነኝ» በማለቴ የዳንኩበት ጥናት

ለተከበሩ የሥር ሰደድ ድካም ሕመም ምርምር ማእከል ዳይሬክተር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደሰነበተ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ጥያቄዬ ከልብ ነው፤ የሚሰጡኝንም መልስ በየትኛውም ሰንጠረዥ ላይ እንደማላሰፍረው ቃል እገባለሁ። ጉልበትዎ አይዛል፣ ሐሳብዎ በመንገድ አይቅርብዎ፣ ጠዋት ሲነቁም ማታ ይዘውት የተኙትን ድካም ተሸክመው አይነሡ። ይህ የመጨረሻው ምርቃት እንግዳ ከሆነብዎ፣ የሚያጠኑት ሕመም አንዱ ዋና ምልክት እሱ ነውና፣ ሲመችዎ ከታማሚዎችዎ አንዱን ቢጠይቁ ያስረዳዎታል።

እኔ በጥናትዎ ከዳኑት ሰዎች አንዷ ነኝ። ይህንንም የምጽፍልዎ ተጋድሜ ነው፤ እንዲያውም የምጽፈው እኔ አይደለሁም። እኔ መጋረጃው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ተኝቼ እናገራለሁ፣ ታናሽ እህቴ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትጽፋለች። እህቴ በእርስዎ ጥናት የምታምን ሰው መሆኗን ከወዲሁ ልንገርዎ፤ በየመሃሉ ብዕሯን አቁማ ስታጉረመርም የሚባክነው ጊዜ በእኔ ስንፍና እንዳይቆጠርብኝ።

ከመታመሜ በፊት የስፖርት አስተማሪ ነበርኩ። ተማሪዎቼ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፤ ከአንገቴ ስለማትወርደው ነገር «ፊሽካ» ይሉኝ ነበር። አንድ ሳምንት ትኩሳት ያዘኝ፣ ትኩሳቱ ሄደ፣ ድካሙ ግን ቤት የተሰጠው ይመስል ቀረ። ዛሬ ፀጉሬን በታጠብኩ ማግስት ማንኪያ ማንሣት ያቅተኛል። የሚገርመው ግን ሐሳቤ አለመተኛቱ ነው፤ አካሌ እንደ ድንጋይ ተጋድሞ ልቤ ግን ቀኑን ሙሉ ሜዳውን ሲዞር ይውላል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ማእከልዎ ለጥናት ተካፋይ ይፈልጋል ሲባል ምን እንደሚደረግብኝ እንኳ ሳልጠይቅ ተመዘገብኩ።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ሁሉ ሆድ ይፍጀው ብዬ ልተወው ነበር። ያስነሣችኝ፣ መነሣት ከተባለ፣ የዚህችው የእህቴ ልጅ ናት። ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። እሷንም እንደ እኔ ትኩሳት ያዛትና ከተዋት በኋላ ድካሙ ስላልተዋት ከትምህርት ቤት ቀርታለች። ማእከልዎ ለልጆች በከፈተው የእንቅስቃሴ ሕክምና ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ትገባለች፤ በየሳምንቱ እየጨመረች ትራመዳለች፣ ደከመኝ ብትልም ባትልም። እናቷን ማን እንዳሳመናት ያውቃሉ? እኔ ነኝ። በራሪ ወረቀታችሁ ከተካፋዮቹ ከግማሽ በላይ ድነዋል ይላል፤ እህቴ ስልክ ደውላ ስለ እኔ ብትጠይቅ ከዳኑት ወገን መሆኔን በትሕትና ነገሯት። እየሮጠች መጥታ፣ ሾርባ በማንኪያ እያጎረሰችኝ፣ መዳኔን አበሠረችኝ። ስለ ምሥራቹ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው፤ ሾርባው ግን ትንታ ሆኖብኛል።

እንግዲህ ቅሬታ ከማለት ምስጋና ማለት ይቀለኛልና፣ ምስጋናዎቼን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፦ ስለ መዳኔ አመሰግናለሁ። ለመጨረሻው ምርመራ መምጣት ስላቃተኝ ከቢሮዎ አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። በሥርዓት ያደገች ልጅ ናት፣ ወላጆቿ ይባረኩ። «እንዴት ነዎት እትዬ፣ እንዴት ሰነበቱ፣ ጤናዎ ደህና ነው?» ብላ በአንድ ትንፋሽ ጠየቀችኝ፤ እኔም አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅምና «ደህና ነኝ ተመስገን፣ አንቺስ ደህና ነሽ? ቤተሰብ ደህና?» አልኳት። ሰላምታው አልቆ ጥያቄው እስኪጀመር ስጠብቅ፣ አመስግና ስልኩን ዘጋችው። ለካ ጥያቄው እሱ ኖሯል! ክቡር ሆይ፣ እኛ ዘንድ እግሩ የተሰበረ ሰው እንኳ ሲጠየቅ መጀመሪያ ደህና ነኝ ብሎ ነው ስለ እግሩ የሚያወራው። ደህና ነኝ ማለት ለጠያቂ እንደሚቀርብ ወንበር ነው፤ ወሬው የሚጀመረው ሰው ከተቀመጠ በኋላ ነው። እርስዎም ይህን አያጡትም፤ እናትዎ ደህና ነኝ ሲሉዎ አመስግነው ስልኩን የሚዘጉ ልጅ አይመስሉኝም። የእኛን ስልክ ግን ዘጋችሁና ቁጥራችንን ደመራችሁ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸው ነው።

ሁለተኛ፦ የመመርመሪያ ክፍሉን አራተኛ ፎቅ ላይ ስላደረጋችሁልን፣ ሊፍቱንም ጥናቱ እስኪያልቅ ሳታስጠግኑ ስለቆያችሁልን አመሰግናለሁ። ምድር ቤት ካለችው አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ ልብስ ሰፊ ተዋወቅሁ። ታዛዥ ሰው ነው፤ በየሳምንቱ ጨምር ሲሉት ይጨምራል፣ በየፎቁ ደረጃ ላይ እየተቀመጠ ግድግዳውን ተደግፎ ይወጣል። እየባሰብኝ ነው ሲል አሠልጣኙ ድካሙ የመዳን ምልክት መሆኑን ያስረዳዋል፣ እሱም የተማረ ሰው ከተናገረ ብሎ ይመለሳል። አንድ ቀን አልመጣም። አሁን ጨለማ ክፍል ውስጥ ተኝቷል። ሚስቱ የስፌት መኪናውን በብርድ ልብስ ሸፍናዋለች፤ ድምፁ ቀርቶ የብረቱ ብልጭታ ዐይኑን ያመዋል። በሪፖርታችሁ ውስጥ ፈልጌው «በራሳቸው ፈቃድ ያቋረጡ» ከሚለው መስመር ሥር አገኘሁት። ከነበረው ነገር ሁሉ ፈቃዱ ብቻ ስለቀረለት፣ እሱን በክብር ስላሰፈራችሁለት ሚስቱም ታመሰግናለች። እኔም ሩጫ ሳወዳድር ወድቀው የቀሩትን ሁሉ ከስም ዝርዝር ብሰርዝ ኖሮ በትምህርት ቤታችን ተሸንፎ የሚያውቅ ልጅ ባልተገኘ ነበር፤ ሳላውቅበት በከንቱ ልጆች አስለቀስኩ።

ሦስተኛ፦ ጥናቱ ተጋምሶ ሳለ ዳነ የሚባለው ሰው ምን ምን መቻል እንዳለበት አሻሽላችኋል። መጀመሪያ ወደ ሥራው የተመለሰ ነበር፤ በኋላ ከቤት የወጣ ሆነ፤ መጨረሻ ላይ የተሻለው እንደሚመስለው የተናገረ ሆነ። በከፍታ ዝላይ ልጆቹ ሲያቅታቸው ዘንጉን መሬት ላይ አስቀምጦ ሁላችሁም ዘላችሁ ማለት ለካ ሳይንስ ነው።

አራተኛ፦ ረሳሁት። ጠዋት በቃሌ ይዤው ነበር። ይህም ሕመሙ የሚያመጣው ነገር ነው፤ ሲመለስልኝ እጽፈዋለሁ።

አምስተኛ፦ ስለ ሕመማችን ምክንያት የሰጣችሁን ማብራሪያ አለ፤ የሚያደክመን ሕመም ሳይሆን እንቅስቃሴን መፍራት ነው ብላችኋል። ክቡር ሆይ፣ ዕድሜዬን ፊሽካ እየነፋሁ ልጅ ሳስሮጥ ኖሬ እንቅስቃሴ እፈራለሁ! ዝናብ ሲያቋርጠን በኮሪደር የማስዘልል ሰው ነበርኩ። ርእሰ መምህሩ ለመምህራን ስብሰባ ተቀመጪ ሲለኝ ቆሜ እንጂ ተቀምጬ አላውቅም። ይህን ሐሳብ ለማን እንደምነግረው ጨንቆኝ፣ አንድ ቀን ልብ ልብ ሲለኝ ለማረጋገጥ ያህል እስከ በሩ ሄጄ ልመለስ ብዬ ተነሣሁ። ሄድኩ፣ ተመለስኩም። ከዚያ በኋላ የሆነውን የምታውቀው ሳምንቱን ሙሉ ስታገላብጠኝ የከረመችው ይህች የምትጽፈው ናት፤ እሷም አሁን ብዕሯን አቁማ የተዘጋውን መጋረጃ እያየች ነው።

አረፍኩ። ትናንት እዚህ ላይ አቁመን ነበር፤ ዛሬ እንቀጥላለን።

ስድስተኛ፦ ሕመምተኞች ጥናቱ ሲነደፍ አንድ ወንበር ይሰጠን ብለን በትሕትና ብንጠይቅ፣ ለሕመሙ ቅርብ በመሆናችን ገለልተኛ ልንሆን እንደማንችል አስረድታችሁናል። ልክ ነው፣ አልካድም፤ ከሕመሜ ጋር አንድ አልጋ ላይ ነው የምተኛው። እርስዎ ግን ሕክምናውን ራስዎ ፈጥረው፣ የማሠልጠኛውን መጽሐፍ ራስዎ ጽፈው፣ አሠልጣኞቹን ራስዎ አሠልጥነው፣ ይሠራል አይሠራም የሚለውን ራስዎ ሲወስኑ ገለልተኛ ነዎት። ራሱ ከሳሽ፣ ራሱ ምስክር፣ ራሱ ዳኛ ሲሉ እሰማ ነበር፤ ራሱ ሐኪም የሚለው ጎድሎት ነበር።

አራተኛው አሁን መጣልኝ። መጠይቁን ስንሞላ አጠገባችን ስለምትቀመጠው አሠልጣኜ ነው። ለወራት እጄን ይዛ ያራመደችኝ፣ ስለ ልጆቿ ያጫወተችኝ፣ ከእኔ ጋር እኩል የደከመች ልጅ አጠገቤ ተቀምጣ «ሕክምናው ረዳዎት?» የሚለውን እንድመልስ ብዕር ታቀብለኛለች። ምንም አልረዳኝም የሚለው ላይ ምልክት ላደርግ ስል ፊቷ ጠቆር ሲል አየሁት። ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ ክቡር ሆይ፤ በየትኛውም መሣሪያ አይለካም፣ በሪፖርታችሁም የለም፣ ነገር ግን ከግማሽ በላዩን ያዳነው እሱ ይመስለኛል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኛ ስንደብቅ ግን መድኃኒቱ እናንተው ዘንድ ተገኘ።

የምለምንዎ ነገር ትንሽ ናት። ከዳኑት ውስጥ ያውጡኝ። ሥልጣኑ አለኝ ካሉ በእኔ ቦታ ልብስ ሰፊውን ይቁጠሩት፤ ቢያንስ እሱ አራተኛ ፎቅ ደርሷል። በእኔ መዳን ተማምኖ የሚገባ ልጅ እንዳይኖር ነው የምፈልገው። የእህቴ ልጅ ዛሬ ራሷ ከአልጋዋ ተነሥታ መታጠቢያ ቤት ደርሳ ትመለሳለች፤ ልብስ ሰፊውም ከእናንተ ዘንድ ሲገባ እንደዚያ ነበር። ይህችን ያህል እንኳ እንዳታጣ እፈራለሁ። መፍራት ከተባለ የምፈራው ይህንን ነው፣ እንቅስቃሴን አይደለም።

አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም ሲባል ሰምቻለሁ። እኔም የተኛሁ ነኝ፣ ይሁን እንጂ ሳላውቅ ነው የተኛሁት፤ ስለዚህ ድምፅ እሰማለሁ፣ መልስዎንም እጠብቃለሁ። ውድ ጊዜዎን በዚህ የታማሚ ወሬ ስላባከንኩ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ለምርምርዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለሊፍትዎ ጤና፣ ለእርስዎም በዕድሜዎ ሁሉ ከልብ የሚያምንዎት ሐኪም እንዲያጋጥምዎ እየተመኘሁ፣

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ በጎኔ ተጋድሜ እጅ የምነሣዎ፣

በሰንጠረዥዎ የዳነችው፣ በአልጋዋ ያለችው፣
የቀድሞ የስፖርት አስተማሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ክቡር ሆይ፣ እህቴ ፊርማው ላይ ስትደርስ እንቅልፍ ወስዷታል። ይህን የምጨምረው ስጽፍላት የከረምኩት የልጅቷ እናት ነኝ። በሦስተኛው ላይ ተናድጄባት ነበር፣ በአምስተኛው ላይ ግን ምን ልበላት? ዛሬ ጠዋት ተነሺ፣ ተንቀሳቀሺ ሳልል ልጄ አጠገብ ተቀመጥኩና ምን እንደሚሰማት ጠየቅኋት። ነገረችኝ። እስካሁን ያልነገረችኝ ለምን እንደሆነ ስጠይቃት ጠይቀሽኝ አታውቂም አለችኝ። ሰኞ አትመጣም። በእሷ ቦታ የምመጣው እኔ ነኝ፤ እባክዎ ከቢሮዎ አይጥፉ። እኔ ጤነኛ ነኝ ክቡር ሆይ፣ ቶሎ አይደክመኝም።