ለበረኪናው ሚኒስትር

መልኬ፣

ኮሮና እንዳይገባ ብለህ የግቢውን ቁልፍ ትራስህ ሥር ደብቀህ ስለተኛህ አጥር ዘልዬ ወጥቻለሁ፤ ይህችንም ወረቀት ከውጭ ሆኜ ጽፌ በግቢው በር ሥር አስገብቼልሃለሁ። ሽቦው ላይ የቀረው የሱሪ ቁራጭ የእኔ ነው፤ እሱንም በበረኪና እንዳትዘፈዝፈው።

ሽንኩርቱን በበረኪና፣ ብሩን በበረኪና፤ እኔንም ለመዘፍዘፍ ሰፊ ሳፋ ነው ያጣኸው! በማስተር ፕላኑ ረብሻ ጊዜ ግን የቡራዩ መንገድ በድንጋይ ተዘግቶ ማንም ከቤት እንዳይወጣ ሲባል፣ ሲጋራ ልትገዛ ወጥተህ «ለራሴ እኔ አውቃለሁ» ያልከኝ አንተ ነህ። እስክትመለስ በር ላይ ቆሜ የጠበቅሁህ ደግሞ እኔ።

ባለፈው ሳምንት ሰበታ ለቅሶ ስሄድ ያንኑ ቃልህን መለስኩልህ። ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። አንተን ለማናደድ ብዬ ያገኘሁትን ሁሉ አቅፌ ሳምኩ።

ትናንት የሠራሁትን ሽሮ ድፋው።
በእኔ ብርጭቆ አትጠጣ።
አከራያችን እትዬ አሰጋሽ ወደ ቤታችን እንዳይመጡ ንገራቸው። አንተን ይሰሙሃል፤ ሚኒስትር አይደለህ!

ዛሬ ጠዋት የበረኪናህን ጠርሙስ ከፍቼ አፍንጫዬ ሥር ያዝኩት።
ምንም አልሸተተኝም።
ልመረመር ሄጃለሁ።

ክፍሌን እንደ ልብህ እርጨው።

ባርናባስ