ለአባዬ አምፕሊፋየር ሳጥን ፍለጋ

ሰኞ፣ ግንቦት 4። ከቀኑ 11 ሰዓት

አባዬን አብልቼ፣ አንሶላውን ቀይሬ፣ እንደገና ብሎኖቹን ፈታሁ። አምፕሊፋየሩ ጠረጴዛው ላይ ሆዱ ተከፍቶ ተቀምጧል። አባዬ ትራስ ተደግፎ ያየኛል። ሙቀቱ አይጣል ነው። ጣሪያው ይንጣጣል።

ደብተሬ፣ ከጻፍኩብሽ ቆይቻለሁና ላስታውስሽ። አጣዬ ሳለን አባዬ የኪነት ቡድኑ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነበር። ከተማው የተቃጠለ ጊዜ ጊታሩን በጀርባው አዝሎ፣ ይህን እንደ አምፖል የሚበሩ ቫልቮች ያሉት አምፕሊፋየር ታቅፎ ወጣ። የስፒከሩ ሳጥን ትልቅ ነው፤ ከቤቱ ጋር ነደደ። ወደ ሸዋ ሮቢት ከመጣን ወዲህ አምፕሊፋየሩ አልጋ ስር ነው የኖረው። ሳጥን የለ፣ ድምፅ የለ።

ጥር ላይ ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑን ወሰደው። ንግግሩንም። የተረፈችው አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ እሺ። ውሃ ልስጥህ? እሺ። ይቅርብህ? እሺ። አሞሃል? እሺ።

ያለፈው ሳምንት በግራ እጁ አልጋ ስር እየጠቆመ አላስቀምጥ አለኝ። አወጣሁለት። አለቀሰ። እኔም ጀመርኩ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ከት/ቤት መልስ። ጠዋት 10ኛ ክፍልን ስለ ኦም አስተማርኩ፤ ከሰዓት ኦም ራሴን አዞረኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ማንኛውም ስፒከር ለኮረንቲው የሚያሳየው ተቃውሞ አለው፤ በኦም ይለካል። አራት ኦም፣ ስምንት፣ ዐሥራ ስድስት። ይህ አሮጌ አምፕሊፋየር ከተሠራለት ቁጥር ጋር ካልገጠመ ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር ሊቃጠል ይችላል። ምትክ የለውም። ድሮ አንዴ አ.አ. ተልኮ እንደ አዲስ ተጠምጥሟል፤ አንድ የስፒከር መውጫ ብቻ ተውለት፤ ቁጥሩን የጻፈ የለም። የቫልቮቹም ጽሑፍ ተፍቆ አልቋል። መለኪያዬ ምንም አይነግረኝም።

ቁጥሩን የሚያውቅ አንድ ሰው አለ። ፊት ለፊቴ ተቀምጧል።

አራት ነው አባዬ? እሺ። ስምንት? እሺ። ጣቶቼን ዘርግቼ አሳየሁት፤ በእጁ ቆጥሮ ይያዝልኝ ብዬ። እጄን በሙሉ ያዘና ሳመው።

ወጥቼ ግቢው ውስጥ ቆምኩ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ትዝ አለኝ! ልጅ ሆኜ የምቀመጥበት ሳጥን ጀርባው ላይ 8 ቁጥር ነበረው። በጣቴ እከተላት ነበር። ስምንት ነው። መሆን አለበት።

ታምሩ ጋ ሄድኩ። የድሮ ተማሪዬ ነው፤ ለሰርግ የድምፅ ዕቃ ያከራያል። ወቅቱ ነውና ሞንታርቦዎቹ በሙሉ ወጥተዋል። ከመጋዘኑ ጥግ ባለስምንት ኦም አሮጌ የቤዝ ሳጥን አወጣልኝ። ጨርቁን አይጥ በልቶታል። በባጃጅ አመጣሁት፣ አንድ እግሬ ውጭ ተንጠልጥሎ።

11 ሰዓት። አበራሁ። ቫልቮቹ ቀስ እያሉ ቀሉ። የጊታሩን ክር ነካሁ። ድምፅ! ግን ቀጭን፣ የታነቀ። አባዬ ፊቱን አጨማደደ። ጨመር ሳደርገው ውስጡ ብልጭ አለ። የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። ነቀልኩት።

ገደልኩት እንዴ? አላውቅም። አባዬ እሺ፣ እሺ፣ እሺ ይላል። እያባበለኝ ይሁን እየተቆጣኝ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

ምንም አልነካሁም። መብራትም የለም፤ ጥሩ ሰበብ ሆነኝ። ት/ቤት ስሆን አባዬን የሚጠብቁልኝ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች፣ በዚህ ብረት በሽተኛ አታድክሚ አሉኝ። እውነታቸውን ይሆናል። ሐኪሙም ብዙ አትጠብቂ ብሎኛል።

ግን ግራ እጁ ደህና ነው። ቤዝ ላይ ክሩን የሚጫነው ግራ እጅ ነው፤ ቀኝ የሚመታ ነው። እሱ ቢጫን፣ እኔ ብመታለት? ያሰብኩት ይህን ነው። ለማንም አልተናገርኩም። ሲነገር ቂልነት ይመስላል።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16

ጋሼ ሰይድ ከአጣዬ መጡ። የቡድኑ ድራም መቺ የነበሩ። አልጋው ጫፍ ተቀምጠው የአባዬን እጅ ያዙ። እንዴት ነህ ወንድሜ አሉት። እሺ አላቸው። አልሐምዱሊላህ፣ እሺ ካልክ ይበቃኛል አሉና ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። ዓይናቸውን በጋቢያቸው ሲጠርጉ አይቻለሁ።

ኋላ ሳጥኑን አዩ።

«ሌላኛውስ?»

«የቱ ሌላኛው ጋሼ?»

«ሳጥኑ ነዋ! ሁለት አልነበሩ? አንዱ እናንተ ዘንድ፣ አንዱ እኔ ቤት ነበር የሚያድረው። ወላሂ፣ ወገቤን የጨረሰው እሱ ነው! አባትሽ መኮንን ያለሁለቱ አያበራም ነበር።»

«የርስዎስ ጀርባው ላይ ስምንት ይል ነበር?»

«መንታ ናቸው እልሻለሁ!»

ሁለት ስምንት ኦም ጎን ለጎን ሲያያዙ ተቃውሞው በግማሽ ወርዶ አራት ይሆናል። በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው ነው። አራት ነው፣ ደብተሬ! አራት! አባዬን ሳምኩት። ጋሼ ሰይድ ምን እንዳገኘሁ ባይገባቸውም አብረውኝ ሳቁ። ዛሬ እዚሁ ያድራሉ።

እሑድ፣ ግንቦት 17

ታምሩ ሁለተኛ ባለስምንት ኦም ሳጥን ሰጠኝ፤ ነገ ማታ 12 ሰዓት ይመለስ ብሎ። አያያዝኳቸው። አበራሁ። ሽታ የለም፣ ብልጭታ የለም። ወፍራሟን ክር መታሁ። ወለሉ ተንቀጠቀጠ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ብርጭቆ ተንሸራተተ። አባዬ ዓይኑን ጨፈነ። ይህን ድምፅ ከአጣዬ ወዲህ አልሰማሁም።

ጊታሩን ጭኑ ላይ አስተኛሁለት። ግራ እጁን የጊታሩ አንገት ላይ አደረግሁ። ጋሼ ሰይድ ባዶ ጀሪካን ገልብጠው ያዙ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። መታሁ።

ጣቶቹ አልተንቀሳቀሱም።

እንደገና ቆጠሩ። መታሁ። ያው ድምፅ። ጋሼ ሰይድ ዜማውን በአፋቸው አንጎራጎሩለት። ምንም። አባዬ እጁን ያየዋል፣ የሌላ ሰው እጅ እንደሚያይ። ስንት ጊዜ ሞከርን? አልቆጠርኩም። በመጨረሻ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አጠፋሁት።

ጋሼ ሰይድ ሲሄዱ ዱዓ አደርጋለሁ ብቻ አሉኝ። የጫማቸውን ማሰሪያ አስረው ፈቱ፣ ደግመው አሰሩ።

ቁጥሩ ገጠመ። ሳጥኑ ገጠመ። ምን አተረፍኩ? ባልነካው ይሻል ነበር። እጁ እንደከዳው ሳያውቅ ይኖር ነበር፤ አያፍርበትም ነበር።

ሰኞ፣ ግንቦት 18። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል

ታምሩ ሊመጣ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው፣ ሳጥኑን ከመመለሴ በፊት አንዴ ልስማው ብዬ አበራሁ። አልጋው ጫፍ ተቀመጥኩ። ጊታሩን ራሴ ያዝኩ። ተምሬ አላውቅም። አባዬ ሁልጊዜ ሲጫወታት የነበረችውን የሰርግ ዜማ በጆሮዬ ስለማውቃት እየፈለግሁ ነካካሁ። አንደኛዋ ኖታ። ሁለተኛዋ። ሦስተኛዋ ላይ ጣቶቼ ተመቱ።

ዞር ስል የአባዬ ግራ እጅ ነው። እሺ አላለም። መሐል ጣቴን ያዘና አንድ እርከን ወደ ታች ወሰደው፣ እስኪያመኝ ተጫነው። መታሁ። ልክ ነበር!

አውቄ ተሳሳትኩ። ጣቶቼን ጠበቅ አድርጎ መታኝ።

ከጥር ጀምሮ እምቢ ብሎኝ አያውቅም። የማይወደውን አጥሚት፣ መርፌውን፣ ሁሉንም እሺ። ዛሬ እምቢ አለኝ። በጥፊ።

ታምሩ በር ላይ የባጃጁን ጥሩምባ ነፋ። ወጥቼ ሳጥኑን አልሰጥህም አልኩት። ለሰርግ ቃል ገብቻለሁ ብሎ ተቆጣ። ጣቴን አሳየሁት፣ ቀልቷል። አባቴ እያስተማረኝ ነው አልኩት። ጣቴን ትክ ብሎ አየ። ኋላ፣ እሺ እስከ ሐሙስ፣ መምህር፣ ብሎኝ ሄደ።

ሐሙስ ምን እንደማደርግ አላውቅም። አሁን ግን አልጋውን በእጁ እየደበደበ ይጠራኛል። መጣሁ አባዬ፣ መጣ…