ሁለት ሴቶች በአንድ ረድፍ

ውድ የእህቴ ልጅ፣

ነገ ጠዋት የክሊኒኩን ዳታቤዝ «ለማጽዳት» እንደምትሄጂ እናትሽ ነገረችኝ። ስልኬን አላነሣ ስላልሽ ይህን በሰው እጅ ልኬልሻለሁ። ያንን የመሰረዣ ትእዛዝ ከማስኬድሽ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቢው፤ ከሆስፒታላችን ስትለቂ ያስኬድሽው ትእዛዝ ትናንት ሰው ሊገድል ነበርና።

ትናንት ከሰዓት በኋላ አንዲት ወላድ ደም እየፈሰሳት ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ገባች። ነርሷ ስሟን ከነአባቷ በኮምፒውተር ፈለገች፤ የደም ዓይነቷ ኤ ነው የሚል ወጣ። ኤ ደም ከማቀዝቀዣ ተወሰደ። የላብራቶሪ ኃላፊዋ ግን እንደ ደንቡ ከወላዷ ናሙና ጋር ሳላስተያይ ከረጢቱን አልለቅም አለች።

«ኧረ እትዬ፣ ሴትዮዋ እየሄደችብን ነው! ኮምፒውተሩ ኤ ይላል እኮ!» ብላ ነርሷ ከበሩ ጮኸች።

«ኮምፒውተሩ ደም ሲያንሰው ኤ እሰጠዋለሁ። አንቺ ዝም ብለሽ ቁሚ!»

ሁለቱ ደሞች በመመርመሪያው መስታወት ላይ ሲገናኙ ተጓጎሉ። የወላዷ ደም ቢ ነበር።

ቢ ደም እስኪመጣ ባልየው ኮሪደሩ ላይ እጄን ይዞ፣ «አባቴ፣ ምን ጎደለ? ከእኔ ይቀዳ» ይለኝ ነበር። የጎደለው የእኛ ጥንቃቄ ነው ልበለው? ሴትዮዋ ለጥቂት ተረፈች። ያተረፋት የአንዲት ባለሙያ ግትርነት ነው እንጂ ያንቺና የእኔ የመረጃ ክፍል አይደለም።

ከመሰረዝሽ በፊት የነበረውን የዳታቤዙን ቅጂ ከፍቼ አየሁ። ስማቸውም የአባታቸውም ስም አንድ የሆነ ሁለት ሴቶች ነበሩ። «ተደጋጋሚ» ብለሽ ደሟ ኤ የሆነውን አስቀርተሽ፣ ወላዷን ሰርዘሻታል። ምርመራዋንም ለማታውቃት ሴት አውርሰሻል።

ከመልቀቅሽ በፊት በጉዳዩ ላይ በቢሮዬ ተነጋግረን ነበር። «ሁለት ሰዎች ቢሆኑስ?» ብዬ ጠየቅሁሽ።

«ጋሼ ደግሞ! እርስዎ እኮ ጨው እንኳ ያለ ማስረጃ አይቀምሱም» አልሽኝ፤ ባልደረቦችሽም ሳቁ። ቆይ አልሁሽ። አንቺ ግን ንጹሕ ሥራ አስረክባ ሄደች ለመባል በመጨረሻ ቀንሽ ያለ ፈቃዴ አስኬድሽው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ደም ግን ፈስሶ አይለቀምም።

ሥራው እንዲህ ነው የሚሠራው። ስም መጠሪያ ነው እንጂ መለያ አይደለም፤ ይመሳሰላል፣ እንደ ጸሐፊው እጅ ይለዋወጣል። ለእያንዳንዱ ታካሚ የማይደገምና የማይቀየር ቁጥር ስጪ። የምርመራውንም የመድኃኒቱንም ሰንጠረዥ በዚያ ቁጥር አያይዢ፤ በስም የተያያዘ ካገኘሽ ፍቺው። ባለቤት የሌለው ምርመራ እንዳይገባ፣ ምርመራ ያለው ታካሚም እንዳይሰረዝ ዳታቤዙ ራሱ ይከልክል፤ የሰው ጥንቃቄ ይደክማልና። ተደጋጋሚ ስትፈልጊ የልደት ቀኑን፣ ስልኩንና የደም ዓይነቱን አብረሽ አስተያዪ። ከመሰረዝሽ በፊት በዚያው መስፈርት ረድፎቹን በማሳያ ትእዛዝ አውጥተሽ በዓይንሽ እዪያቸው፤ ብታዪ ኖሮ ኤ እና ቢ ጎን ለጎን ቆመው ታገኚያቸው ነበር። የዳታቤዙን ቅጂ ሳታስቀምጪ መሰረዝ አትጀምሪ። ስትሰርዢም ለውጡን ወዲያው አታጽኚው፤ ያልታሰበ ረድፍ ከሄደ መመለሻ ይኑርሽ።

በዚያ ክሊኒክ እንደኛዋ ያለች ግትር ሴት የለችም። መርፌ የሚወጋው ስክሪኑ ላይ በተጻፈው ብቻ ነው። መድኃኒት የማይስማማው ሰው ከጤነኛ ሞክሼው ጋር ከተዋሐደ የሚያስቆመው የለም።

ሆኖም ለክሊኒኩ ኃላፊ እስካሁን አልደወልሁም። በእኛ ሆስፒታል ያደረግሽውን ከራስሽ አንደበት እንድትሰማው ፈልጌ ነው። ነገ ቢሮዋ ሲከፈት እደውላለሁ። ነግረሻት ካገኘሁ ሥራውን እንዳትነሳሽ ቆሜ እለምንልሻለሁ፤ ያጠፋና ያመነ ሰው ካልተሳሳተው ይልቅ ይጠነቀቃል ብዬ እሟገትልሻለሁ። ካልነገርሻት ግን አንዲት ቃል ሳላስቀር እኔ እነግራታለሁ። እናትሽ ትቀየመኛለች።

ትቀየመኝ።

አጎትሽ