በር ለሌለው ቤት የተላከ የበር ጠባቂ

ለክቡር ሴኡማሎ ኤቴ
የቤት ደኅንነትና አውቶማቲክ መሣሪያዎች ድርጅት የዕቅድ ክፍል ኃላፊ
አፒያ

ጉዳዩ፦ ስላልለመንኩት ጥበቃ ምስጋና ስለ ማቅረብና አንድ ሽቦ ስለ መለመን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎን ነገር እጠይቃለሁ። እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ እንዲሁም ቢሮዎን የሚያቀዘቅዘው ማሽን በመልካም ሁኔታ ላይ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። በሳሌፉሊ መንደር የምንኖር እኛም ከሌባው በቀር ሁላችንም ደህና ነን፤ ሌባውን ያልጨመርኩት ንቄው ሳይሆን እስካሁን ስላልተዋወቅን ነው።

እኔ ከመንገዱ ዳር አዲስ ቤት የማሠራው፣ ባለቤቴ የሞተብኝ ማላኤያ ነኝ። የድሮውን ቤታችንን ያለፈው ዐውሎ ነፋስ ስለወሰደው፣ ኦክላንድ ውስጥ በሥጋ ማቀዝቀዣ ቤት የሚሠራው ልጄ ፌሌቲ አዲስ እያሠራልኝ ነው። ምሰሶዎቹ ቆመዋል፣ ጣሪያውም ወጥቷል፤ የቀረው ወለሉን በሲሚንቶ መሙላት ብቻ ነው። ግድግዳው አልቀረም፤ ግድግዳ የለውምና። አያቶቻችን ፋሌ የሚባለውን ክፍት ቤት ሲሠሩ እንዳደረጉት፣ በየምሰሶው መካከል ነፋሱ እንደ ልቡ እንዲመላለስ ትቼዋለሁ፤ ዝናብ ሲመጣ ከኮኮናት ቅጠል የተጎነጎነውን መጋረጃ ማውረድ ይበቃኛል።

ፌሌቲ እናቱን የሚጠብቅ ነገር እንዲገጠምላት ወደ ድርጅትዎ ጻፈ፤ እርስዎም ቤቱን ሳያዩ ዕቅዱን ነድፈው ላኩልኝ። ሳያዩ መንደፍ ትልቅ ተሰጥኦ ነው። ትምህርቴ በልጅነቴ የተቋረጠ ቢሆንም ያገኘሁትን ሁሉ የማንበብ አመል ስላለብኝ፣ ከዕቅዱ ጋር የመጣውን መመሪያ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። እነዚህ ዝቅተኛ ቮልት ያላቸው ሽቦዎች ሰው እንደማይጎዱ፣ ሥራቸውም ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ወሬ ማመላለስ እንደሆነ ተረዳሁ። ይህ አገልግሎት በመንደራችን እስካሁን በጎረቤቴ በሶሴ ሲሰጥ ስለቆየ ለመረዳት አልተቸገርኩም፤ ልዩነቱ የሶሴ ቮልት ከፍተኛ መሆኑ ነው።

ቅሬታ እንዳይሉብኝ እየሰጋሁ፣ የሚከተሉትን ምስጋናዎች በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ በሮቹ። በዕቅድዎ ላይ ለእያንዳንዱ በርና መስኮት ሲከፈት የሚናገር መሣሪያ ተመድቦለታል። ሠራተኛዎ ኪሊፊ ጥቅል ሽቦውን በትከሻው አንግቶ መጣና ምሰሶዎቹን እየዞረ ራሱን ሲያክ ቆየ።

«እማማ፣ በሩ የት ጋ ነው?»

«በፈለግህበት በኩል ግባ፣ ልጄ» አልኩት።

ገባ፤ ተቀመጠ፤ በኮኮናት ወተት የተቀቀለ፣ ታሮ የምንለውን ጎደሬ በላ፤ ከዚያ ለእርስዎ ደወለ። መልስዎ ሳይውል ሳያድር ደረሰን። መሣሪያዎቹ የሚለጠፉበት ስለሌለ፣ በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ክፍት ቦታ በብሎኬት ተዘግቶ በርና መስኮት እንዲወጣለት አዘዙ። ፈረስ ሳይኖረው ልጓም የገዛ ሰው ሰምቼ አውቃለሁ፤ ልጓሙ ባዶውን እንዳይቀር ብሎ ፈረስ የሚያስወልድ ግን በእርስዎ አየሁ። ብሎኬቱም እሺ ሳልል በመኪና ተጭኖ መጣ፤ ስለ ፍጥነቱ ላመሰግን ይገባኛል።

ሁለተኛ፣ እንቅስቃሴ አይቶ ስለሚጮኸው መሣሪያ። ኪሊፊ ለሙከራ ብሎ ምሰሶ ላይ ሰቅሎት ሄደ። አመሻሽ ላይ የጸሎት ሰዓት መድረሱን የሚያበስረው ቀንደ መለከት ተነፋ፤ በጸሎት ሰዓት ማንም እንዳይተላለፍ ወጣቶቹ መንገደኛ ሊያስቆሙ በመንገዱ ዳር ተሰለፉ፤ ቤተሰቡ ሁሉ በየቤቱ ተቀምጦ መዝሙር ጀመረ። የሶሴ አሳማ በዚያ ሰዓት ወደ ማደሪያዋ የምትሄደው በቤቴ መካከል አቋርጣ ነው፤ ከድሮ ጀምሮ መንገዷ ነውና ማንም ተናግሯት አያውቅም። መሣሪያዎ ግን ተናገራት።

ክቡር ሆይ፣ በዚህ ባሕር ዳር እንዲህ ያለ ጩኸት አንድ ትርጉም ብቻ አለው፤ ባሕሩ መጣ ማለት ነው። መንደሩ በሙሉ የመዝሙር መጽሐፉን እንደያዘ ወደ ኮረብታው ወጣ። ፓስተራችን ከሁሉ ቀድመው ነበር፤ መንጋውን ለመምራት እንጂ ለሌላ አይደለም። ላይ ደርሰን ወደ ታች ስንመለከት ባሕሩ እንደ ተኛ ሕፃን ጸጥ ብሏል።

«ታዲያ ያ የጮኸው ምንድን ነው?» አሉ ፓስተሩ፣ ትንፋሻቸው ሲመለስ።

«የማላኤያ ቤት ነው፣ ፓስተር» አለች ሶሴ። «አሳማዬ ገብታበት ደንግጦ ነው።»

በማግሥቱ የመንደሩ ሽማግሌዎች ጸሎት ስለ ማወክ ጥፋተኛዋን ሊቀጡ ተሰበሰቡ፤ ሆኖም በእኛ ደንብ ቅጣት የሚከፈለው በአሳማ ስለሆነ፣ አሳማ ምን እንደምትከፍል ሲከራከሩ ውለው ሳይስማሙ ተለያዩ። እኔ በበኩሌ የማውቀው፣ የሳሌፉሊ ቤቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ ሰው አልባ ሆነው የታዩት በጥበቃ መሣሪያዎ ምክንያት በዚያች ምሽት ብቻ መሆኑን ነው። ሌባ ቢኖረን ኖሮ ለድርጅትዎ የምስጋና ጸሎት ባደረሰ ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ ካሜራዎቹ። ካሜራዎቹ የእኔን መልክ ኦክላንድ ድረስ ወደ ልጄ ስልክ እንደሚያደርሱ ጽፈዋል። ልጄ ሥራ ላይ ሳለ ስልኩ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት እሱ በረዶ ቤት ነው የሚውለው፤ ስለዚህ ወድቄ ብገኝ፣ ከሥራ ሲወጣ የወደቅሁበትን አኳኋን በጥሩ ብርሃን ማየት ይችላል። የሶሴ ማብሰያ ቤት ግን ከእኔ ጎን ነው። ትናንት ጠዋት ድስቷን እያማሰለች፣ «አንቺ፣ ዛሬ ካካዎሽን ሳትጠጪ ነው የተቀመጥሽው፤ አመመሽ ወይስ ኮራሽ?» ብላ ጮኸችብኝ። እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ካሜራ ካለዎት ቢያሳውቁኝ አስብበታለሁ።

አራተኛው ምስጋናም ቅሬታም አይደለም፤ ለዕቅድ ክፍልዎ የሚጠቅም መረጃ ነው። ግድግዳን እኛ ሞክረነዋል።

ባለቤቴ ኤሊሳላ በሕይወት ሳለ የድሮው ቤታችንም ክፍት ነበር። በመንገድ የሚያልፍ ሁሉ ሰላም ይላል፤ ሰላም ያለውን ሁሉ ግባና ብላ ማለት ደግሞ ወግ ነው። እንዲህ ባለ ቤት መጽሐፍ አይነበብም። ስለዚህ በመንገዱ በኩል ግድግዳ ተሠራ፤ ኤሊሳላ ሲታመምም የሳሉ ድምፅ እንዳይሰማ በኋላውና በፊቱ ክፍል መካከል ሌላ ተጨመረ። እንከን የማይወጣላቸው ግድግዳዎች ነበሩ። ዝናብ አላስገቡም፤ አቧራ አላስገቡም፤ ሰላምታም አላስገቡም። ኤሊሳላ በኋላው ክፍል በወደቀበት ቀን ሶሴ ቅርጫቷን ተሸክማ ወደ ማሳዋ ስትሄድም ስትመለስም በደጃችን አልፋለች፤ ያየችውም በደንብ የተቀባ ነጭ ግድግዳ ነው። እኔ ከፊት ክፍል ነበርኩ። ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበር። መጽሐፉን እስከ መጨረሻው አነበብኩት።

ስለ ግድግዳ አሠራር ተጨማሪ ማብራሪያ ካስፈለገዎት ልሰጥዎ ዝግጁ ነኝ።

የብሎኬቱን መምጣት ለፌሌቲ ስነግረው፣ በዕረፍት ሰዓቱ ደውሎ ሊያግባባኝ ሞከረ። ካሜራው ምን እንደሚያይ፣ በሩ እንዴት በራሱ እንደሚቆለፍ ሲያስረዳኝ ቆየና የልቡን ተናገረ።

«እማዬ፣ እንደ አባዬ ብቻሽን ብትወድቂ ማን ያይሻል?»

«መንገዱ በሙሉ» አልኩት። «አባትህ ያጣው ጠባቂ አይደለም፤ የበዛበት ግድግዳ ነው።»

ልጄ ግድግዳውን ማን እንዳሠራው ያውቃል፤ አንድም ቀን አንስቶብኝ ግን አያውቅም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እሺ፣ ግድግዳው ይቅር። ግን አንድ ነገር ላስገጥምልሽ፤ እኔም እንቅልፍ ይውሰደኝ» አለኝ። ይህን እምቢ ማለት አልቻልኩም፤ እንቅልፍ ማጣት ምን እንደሆነ አውቃለሁና።

ስለዚህ ተስማማን። የምንለምንዎ አንድ ሽቦ ነው። ከምተኛበት ምንጣፍ ራስጌ አንዲት የምትጫን የደወል ቁልፍ ትኑር፤ ሽቦዋ በወለሉ ሥር በቧንቧ ሄዳ፣ በጓሮ በኩል ተቀብራ፣ ሶሴ ማብሰያ ቤት ደርሳ ደወሉን ታስጩህ። መመሪያዎ ዝቅተኛ ቮልት ወሬ ያመላልሳል ካለ፣ ይህችን አንዲት ወሬ እንድታደርስልኝ ነው።

ይህንኑ በኪሊፊ በኩል ብንጠይቅዎ፣ «ከደንበኛው ይዞታ ውጭ ያለ ሰው የሥርዓቱ አካል አይደለም» የሚል መልስ በማኅተም አስደግፈው ላኩልን። ሶሴ ማንበብ ስለማትወድ እኔ አነበብኩላት። ታሮ መላጧን ሳታቆም፣ «እኔ አካል ካልሆንኩ አካሉ ማነው? አሳማ አይቶ ባሕር ነው የሚለው መሣሪያ ነው?» አለች። ጥያቄዋን ሳልጨምርና ሳልቀንስ አስተላልፌያለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ወለሉ ሰኞ ሲሚንቶ ይፈስበታል። ሲሚንቶው ከደረቀ በኋላ ቧንቧ መቅበር እንደማይቻል፣ ስለ ሽቦ ማሰብ ያለበት ሰው አስቀድሞ ማሰብ እንዳለበት መመሪያዎ ራሱ በደማቁ ጽፏል። ከመመሪያው ሁሉ እውነት ሆኖ ያገኘሁት ይህን ነው፤ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ የሚያስበው ሲሚንቶው ከደረቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ዕቅድዎን እስከዚያ ቢያስተካክሉልኝ በእጅጉ እደሰታለሁ። ካልተመቸዎ ግን አይጨነቁ፤ እኔና ሶሴ ታሮ ስንተክል ያደግን ስለሆንን ጉድጓድ ቆፍሮ ቧንቧ መቅበር አያቅተንም፤ ኪሊፊም የዕረፍት ቀኑ ቅዳሜ መሆኑንና ታሮው እንደጣመው ነግሮናል።

ጣሪያዎ እንዳያፈስ፣ ማሽንዎ እንዳይሞቅ፣ በደጅዎ የሚያልፍ ሰው እንዳይጠፋ እየተመኘሁ፣ ለጥበቃዎ ሁሉ ያለኝን ወሰን የሌለው ምስጋና በአክብሮት አቀርባለሁ።

ከየትኛውም ወገን የምትታየው፣

ማላኤያ፣ የኤሊሳላ ባለቤት
ሳሌፉሊ፣ ሳቫኢ ደሴት

ግልባጭ፦
ለመንደሩ ሽማግሌዎች
ለሴቶች ኮሚቴ
ለፓስተራችን (እንዲያውቁት ያህል፤ መሮጥ አያስፈልግም)
ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል
ለሶሴ (ባይላክላትም ታውቀዋለች)

ማስታወሻ፦ ብሎኬትዎ ሜዳ ላይ እንዳይባክን ብለን ከሴቶች ኮሚቴ ጋር ተባብረን ለሶሴ አሳማ ጉረኖ ሠርተንበታል። ዙሪያውን ዝግ ነው፤ የሚከፈትና የሚዘጋ በር አለው፤ ከመንገድ ምንም አይታይም። የዕቅድዎን መስፈርቶች በሙሉ ያሟላ በመንደራችን የመጀመሪያው ቤት ስለሆነ፣ መሣሪያዎቹን ሁሉ እዚያ እንዲያስገጥሙልንና የአሳማዋም ምስል በቀጥታ ወደ ቢሮዎ እንዲመጣ ፈቅደናል። በግድግዳ ውስጥ መኖር ትወድ እንደሆነ ግን አላወቅንም፤ እንደ ድርጅትዎ አሠራር፣ እሷን አልጠየቅናትም።