«ወራጅ አለ» በኦኔው ትራም

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ጄኔቫ

ጎረቤቴን እትዬ አበበችን ዓይን ሐኪም ዘንድ ላደርስ ወጥቼ ወሬ ይዤ ተመለስኩ። ለዚህ ቀጠሮ ወራት ጠብቀዋል፤ ካመለጣቸው እንደገና መጠበቅ ነው። ከሰፈራችን ከኦኔ የተሳፈርንበት ትራም ላንሲ ሳይደርስ ጢም አለ። መውረጃችን ጋ ሲቆም የበሩን መክፈቻ የሚጫን ጠፋ። «ፓርዶን፣ ፓርዶን» እያልኩ ብጋፋም ማን ንቅንቅ ይበል!

እትዬ አበበች በዚህ ከተማ ሠላሳ ዓመት መኖራቸው ጠፋባቸው መሰለኝ፣ «ወራጅ አለ!» ብለው ጮኹ።

ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። ከኋላ ግን አንድ ጎርናና የወንድ ድምፅ፣ «ወራጅ አለ ተባለ እኮ! እመቤቴ፣ በዚህ ይውጡ!» ሲል ሰማን። የኋላው በር ተከፈተ፤ እየሳቅን ወረድን። ዘወር ስል ያየሁት ግራጫ ባርኔጣና የሚውለበለብ እጅ ብቻ ነው።

ለቀጠሮው ደረስን። ከሐኪሙ ሲወጡ «ዓይንዎ እንዴት ነው?» ብላቸው፣ «ደህና ነው ብሎኛል። ይልቅ ያ ሰውዬ ማነው?» አሉኝ። የጄኔቫን ሐበሻ አንድ ሳይቀር አውቃለሁ ባይዋ እኔ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አንዱን ሳላውቀው ቀረሁ። ማን ይሆን? የት ተደብቆ ከረመ?

አሁን እትዬ አበበች ደወሉልኝ።

«ነገም በዚያው ሰዓት በዚያው ትራም ብንሄድስ?»

«ሌላ ቀጠሮ አለዎት እንዴ?»

«የለኝም።»

«ታዲያ ምን ልንሠራ?»

«ዓይኔ ደህና ነው ተብሎ የለ? ምን ልይበት ታዲያ!»