ታንጉን የመረጧት ዕለት

ምስራቅዬ፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? ካርዱ ጠባብ ስለሆነ የዛሬውን ብቻ ልንገርሽ።

እህቴ ታንጉ፣ ከወለጋ ስትፈናቀል አብረሽኝ ያለቀስሽላት፣ እዚህ ደብረ ብርሃን በሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያናቸው የጸሎት መሪ እንድትሆን ተመረጠች። በአንድ የኪራይ ክፍል የተጀመረ ጉባኤ ነው አሉ፤ ዛሬ አዳራሹ ሞልቶ ሰው በረንዳ ላይ ቆሟል። እኛ አዳማ ባለው ጉባኤያችን ግማሻችን ዘመዳሞች ነን፤ እዚህ ግን የመንዙም፣ ከወላይታ ለፋብሪካ ሥራ የመጣውም፣ ተፈናቃዩም አንድ አግዳሚ ላይ ተጠጋግቶ ይቀመጣል።

ስሟ ሲጠራ ታንጉ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎትታ፣ «እኔ እኮ መጠለያ ነው ያለሁት፤ ነገ አገርሽ ግቢ ብባልስ?» አለች። እምቢ ልትል ነው ብዬ ሰጋሁ። ብርድ ልብስ ፋብሪካ የምትሠራ አማረች የምትባል የወላይታ ልጅ ግን፣ «እትዬ ታንጉ፣ እስኪሄዱ ድረስ ይምሩን። እኔስ ብርዱን ሳልለምደው አይደል የምዘምረው?» አለቻት። ሰዉ ሁሉ ሳቀ፣ እሷም ሳቀችና ተነሳች። ጸሎቱን በአማርኛ ጀምራ በኦሮምኛ ጨረሰችው። ከተፈናቀለች ወዲህ ድምጿ እንዲህ ከፍ ሲል የሰማሁት ዛሬ ነው።

ቦታው አለቀብኝ። ጋሽ ሞላልኝንና ልጆቹን ሳሚልኝ። ለጉባኤያችንም ንገሪልኝ፤ ስንጸልይላት የከረምነው ታንጉ አሁን እሷ ለሰው ትጸልያለች።

አስካለ