ሸራችንን ለገበያ ስላበቁልን

በሱቫ ከተማ ለ«አዲስ ማዕበል» የፈጠራ ማጎልበቻ ማዕከል ዋና ዳይሬክተር፣
ለክቡር አቶ ኢሊያሳ ናቶኒ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ከአራተኛ ፎቅ ሆነው ባሕሩን ቁልቁል የሚያዩበት ያ ሰፊ መስኮትም ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ባሕሩን ከላዩ ላይ ሆነን የምናየው ሰዎች፣ ማዕከልዎ ያላሰለሰ ጥረት ቢያደርግም፣ በፈጣሪ ቸርነት እስካሁን በሕይወት አለን። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴ ክቡርነትዎን ለማሳፈር አይደለም፤ ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ጸሐፊዎ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለምትለኝና ስብሰባው ገና ያላለቀ ስለመሰለኝ ነው።

ረስተውን ከሆነ ላስታውስዎ። ኡናይሲ ራቩላ እባላለሁ፤ የኦኖ ደሴት ልጅ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ። ወንድሜ ሴሜሳ የጀልባ ሞተር መካኒክ ነው፤ «ነበር» ማለት ይገባኝ እንደሆነ ከታች ያገኙታል። ዓሣ አጥማጁ አጎታችን ኔማኒ ከሱቫ ገበያ ሲመለስ ሞተሩ ባሕር መሐል ቀጥ አለበት፤ ነፋሱም ወደ ደቡብ ይዞት ሄደ። መንደሩ ተስፋ ቆርጦ ልቅሶ ከተቀመጠ በኋላ አንድ የዓሣ መርከብ አግኝቶ መለሰልን። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ ዓይኑ ጎድጉዶ ምንጣፉ ላይ እንደ ተቀመጠ መጀመሪያ የተናገረው እንዲህ ነበር፦

«እናንተ፣ እኔኮ ቂል ነኝ! ዕቃ የሸፈንኩበት ሸራ እግሬ ሥር ተጋድሞ፣ እኔ ሞተር እለምናለሁ። ሸራ ታቅፌ ሸራ አጣሁ!»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ሴሜሳም አብሮ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ቆም አደረገና፣ «ኡና፣ እስቲ መቀስሽን አምጪው» አለኝ።

የሠራነው ይኸው ነው፦ በደኅና ቀን ጭነት የሚሸፍን፣ ሞተር ሲጠፋ ደግሞ በሁለት መቅዘፊያ ላይ በማሰሪያ ተወጥሮ ነፋስ እየያዘ ጀልባዋን ወደ ቤት የሚመልስ ብርቱካንማ የከባድ መኪና ሸራ። አያምርም፣ አይፈጥንም፣ ግን ያደርሳል። እርስዎም በውድድር ላይ አይተውት፣ ትከሻችንን አቅፈው፣ «ሐሳቡ የእናንተ፣ ለገበያ ማብቃቱ የእኛ» አሉን። የዚያን ዕለት እናታችን አልቅሳ መርቃዎታለች። ምርቃቱን እንድትመልስ ልጠይቃት አፍሬ ትቼዋለሁ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ከሜልበርን ያስመጧትን ባለሙያ፣ ወይዘሮ ፊሊፓን፣ እስከ ደሴታችን ድረስ ስለላኩልን እናመሰግናለን። ሴትዮዋ በአጎቴ ጀልባ ስትመጣ አንጀቷ እስኪገለበጥ አስመለሳት፤ ያም ሆኖ ሸራው ተወጥሮ ጀልባዋ መሄድ ስትጀምር ቀና ብላ አየችና፣ «ይህን አትንኩት። ስፌቱን ብቻ አጠንክሩት፤ ከዚያም በክፉ ነፋስ ሞክሩት» አለች። ለእርስዎም ይህንኑ ነገረችዎት። በሳምንቱ በክብር ወደ አገሯ ስለ ሸኟት፣ ለእንግዳ ያለዎትን አክብሮት ሳላደንቅ አላልፍም።

ሁለተኛ፣ እሷ ከሄደች በኋላ ሸራችንን ስላሻሻሉልን እናመሰግናለን። በጀርባ በሚታዘል ቦርሳ እንዲገባ ግማሹን ቆረጡት፤ በመቅዘፊያው ፈንታ ተጣጣፊ የአሉሚኒየም ምሰሶ፣ በምሰሶው ጫፍ ደግሞ ሰማያዊ መብራት አደረጉለት። ሴሜሳ በማዕከልዎ አዳራሽ አንሥቶ ገለበጠውና፣ «ጌታዬ፣ ይሄ መሐረብ ነው» አለዎት።

«ወንድሜ፣ ሰው የሚገዛው መሸከም የሚችለውን ነው» አሉት።

«ጀልባዋ ከነጭነቷ ንቅንቅ አትልም።»

«ጭነቱን ይቀንሱዋ!»

«ጭነቱኮ ሰዎች ናቸው!»

እርስዎ ሳቁ። አዳራሹም እርስዎን ተከትሎ ሳቀ። ወንድሜ ግን የምረቃው ዕለት ራሱ ጀልባዋ ላይ ካልተቀመጠ ሌላ ሰው እንደሚልኩበት ስላወቀ እሺ አለ። እኔማ እጁን ይዤ «ተወው፣ ወደ አገራችን እንሂድ» ብዬው ነበር። «እነሱ ያላዩትን በዓይናቸው ይዩት» አለኝ። አዩት።

ሦስተኛ፣ ስለ ምረቃው ድግስ። ድንኳኑ፣ የአበባ ጉንጉኑ፣ የሙዚቃ ጓዱ፣ የተጠበሰው ዓሣ ሁሉም ያማረ ነበር። ሴሜሳና ኔማኒ ከወደቡ ወጣ ብለው ሞተሩን አጠፉ፤ ያችን መሐረብ ሰቀሉ። ጀልባዋ ቆመች። እንግዶችዎ እያጨበጨቡ ሳለ ነፋሱ ድንገት ዞረና ምሰሶዎን እንደ አሮጌ ዣንጥላ አጠፈው፤ ሞገዱም ጀልባዋን ወደ ዐለቱ ገፋት። ሞተሩን ለማስነሣት የነበረው ጊዜ ለአንድ ትንፋሽ እንኳ አልበቃም። አጎቴ ከዚያ ማዶ ሆኖ የጮኸው ጩኸት ለክቡርነትዎ በሚገባ ሳይሰማ አልቀረም፦ «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ያንን ጥሩንባ አቁሙና ጀልባ ላኩ!»

ጥሩንባው አልቆመም። በኋላ ያቆመውም ዘፈኑ ስላለቀ ይሆናል፤ እኔ እዚያ አልነበርኩም፣ ከነቀሚሴ ውኃ ውስጥ ገብቼ ነበር። ወንድሜንና አጎቴን የጎታች መርከብ ሠራተኞች አወጧቸው። የወንድሜ ቀኝ እጅ በጀልባዋና በዐለቱ መካከል ተጨፍልቆ ነበር። ዛሬ ያ እጅ ማንኪያ ይይዛል፤ መፍቻ ግን አይይዝም።

እርስዎም በዚያው ምሽት ለጋዜጠኞች፣ «ተጠቃሚዎቹ የአጠቃቀም መመሪያውን በሚገባ አልተከተሉም» ብለው መግለጫ ሰጡ። ክቡርነትዎ፣ ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን መመሪያውን የጻፈው ሴሜሳ ነው። የመጀመሪያው መስመርም «ይህን ዕቃ ሰው በጫነ ጀልባ ላይ አትመኑት» ይል ነበር፤ ያቺን መስመር ያስወጧት እርስዎ ነዎት።

ይህን ሁሉ ችለን ዝም ልንል እንችል ነበር፤ እጅ የአንድ ሰው ነው፣ ቁጭትም በቤት ይያዛል። አራተኛው ምስጋና ግን አላስቀመጠኝም። ከወንድሜ ደም በኋላ፣ ያንኑ ቦርሳ ያንኑ ምሰሶ በለጋሾች ስም ወደ ላው ደሴቶች ጫኑት። የአጎቴንም ፎቶግራፍ ለጠፉበት፤ ከሥሩም «ሕይወቴን ያተረፈልኝ» የሚል ጻፉበት። አጎቴ ይህን ሲያይ ፎቶግራፉን በመዳፉ ሸፈነና፣ «በእኔ ፊት ሰው ሊያሰምጡ ነው» አለ። ሽማግሌ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር።

ስለዚህ የኦኖ ሴቶች ተሰብስበን መስፋት ያዝን። ሴሜሳ በግራ እጁ ይለካል፣ እኛ እንሰፋለን፤ ኔማኒና እኔ ደግሞ በጭነት መርከብ በየደሴቱ እየዞርን የእርስዎን ተቀብለን የእኛን እንሰጣለን። ሞአላ ላይ አንዲት እናት ሁለቱን ጎን ለጎን አይታ፣ «እኔስ ባለ መብራቱን ወደድኩት፤ ይሄ ደግሞ ምነው እንዲህ አስቀያሚ ሆነ?» አለች። አጎቴም፣ «እቴ፣ እሱ የተሠራው ለማማር አይደለም፣ ለመምጣት ነው» አላት። ተቀበለችው፤ እየሰደበችው ተቀበለችው።

ባለፈው ወር የዚህችው ሴት ባልና ዘመዶቿ ከልቅሶ ሲመለሱ ሞተራቸው ጠፋ። ጀልባዋ ሙሉ ነበረች፤ አራስም ነበረችባት። ቀኑን ሙሉ ሲጠበቁ ውለው፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ያ አስቀያሚ ብርቱካንማ ነገር ከአድማሱ ብቅ አለ። ባልየው ገና ከሩቁ፣ «ዘገየን እንጂ መጥተናል፤ ምግቡን እንዳታነሡት!» እያለ ይጮህ ነበር አሉ። ሴትዮዋ በስልክ ስትነግረኝ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አላወቅሁም። ሴሜሳ ስልኩን ከእጄ ወስዶ፣ እንደገና አንድ በአንድ እንድትነግረው ጠየቃት።

ያልደረስንባቸው ደሴቶች ገና ብዙ ናቸው። ክቡርነትዎ ስብሰባዎን ለጥቂት ደቂቃ አቋርጠው፣ በሬዲዮ «ያን ዕቃ አትመኑት» የሚል አንዲት ዐረፍተ ነገር እንዲናገሩ፣ የአጎቴንም ፊት ከዚያ ቦርሳ ላይ እንዲያነሡ በትሕትና አዝዝዎታለሁ። «እጠይቅዎታለሁ» ልል ነበር፤ ብዕሬ እምቢ አለኝ።

ነፋስ በማይገባበት ክፍል፣ በማይናወጥ ወንበር ላይ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁልዎ፣ ያበቁት ሁሉ ለገበያ እንጂ ለመቃብር እንዳይሆን እየጸለይኩ፣
ከፍ ካለ አክብሮት ጋር
ኡናይሲ ራቩላ፣ ልብስ ሰፊ፣ ከኦኖ ደሴት

ማስታወሻ፦ የማዕከልዎ መዝናኛ ጀልባ ካፒቴን ባለፈው ሳምንት ቤታችን መጥቶ «ለአለቃዬ እንዳትነግሪ» ብሎ የእኛን ሸራ ወስዷል። በስሙ ባልጠራውም አደራውን በመብላቴ ይቅር ይበለኝ። አንድ ቀን ባሕር መሐል ሞተሩ ከጠፋ፣ ክቡርነትዎ ቁጭ ይበሉ፤ ሰውየው እስኪወጥረው ድረስም እባክዎ ምንም ነገር አያሻሽሉ።